ሩዙን በደረቁ ልዝራው፣ ነክሬ ላጎንቁለው ወይስ ውሃ ላይ ልበትነው?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ግማሽ ማዳበሪያ የሩዝ ዘር በርሜል ውስጥ ነከርኩና «ነገ አወጣዋለሁ» እያልኩ አራት ቀን አሳለፍኩ። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። ጉሽ ጠላ በሉት። ውሃው ላይ አረፋ ተኮልኩሏል። እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ ከሥር አንድ እፍኝ ሳወጣ ግን ያልጠበቅኩትን አየሁ። ዘሩ አልሞተም። ከእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ ነጭ፣ ቀጭን፣ መርፌ የመሰለ ነገር ወጥቷል። ሥር ግን የለም። አንድም ፍሬ ሥር አላወጣም።

መጣሉ አሳዘነኝና ጭቃ ላይ በተንኩት። ከፊሉ ተነሳ፣ ከፊሉ እንደተኛ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስከታተለው አንድ ነገር ገባኝ። «ሩዝ እንዴት ልዝራ?» ስንል ጥያቄው የውሃ ይመስለናል፣ ነገር ግን የአየር ነው። ዘሩ ስንቁን ፈቶ ስኳር ያደርገዋል፣ ያ ስኳር ምን እንደሚሠራለት የሚወስነው ደግሞ በዙሪያው ያለው ኦክስጅን ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ከማወዳደሬ በፊት ከዘሩ ሆድ ልጀምር። የቸኮለ ወደ አዘራሩ ክፍል ይዝለል፣ አልቀየምም።

የተቆለፈው ጎተራ

ገለባው የተነሳለት የሩዝ ፍሬ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ገደማው ስታርች ነው፤ ጎተራ የምለው ይህን የስንቅ ክምችት ነው። ሽሉ፣ ቡቃያ የምትሆነው፣ ጥግ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ነገር ናት። ሩዝ ሲፈተግ ተነቅላ የምትሄደው እሷ ናት፣ ከሱቅ የገዛችሁት ነጭ ሩዝ ሳምንት ቢነከር የማይበቅለውም ለዚሁ ነው።

ስታርች እንዳለ አይበላም። ሽሉ ከጎተራው አጠገብ ተቀምጣለች፣ ጎተራው ግን ተቆልፏል። ውሃ ሲገባ ፍሬው የክብደቱን ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጠጣል፣ ሽሉም ትነቃለች። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የምትገፋው ራሷ ጋ ባስቀመጠቻት ሱክሮስ የሚባል ጥቂት ስኳር ነው፣ የእጅ ገንዘብ በሏት። እሷ ሳታልቅ ጂበሪሊን የሚባል ሆርሞን ጎተራውን ወደ ከበበው ስስ ሽፋን ትልካለች። ሽፋኑ አልፋ አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያመርታል። ኢንዛይሙ ስታርቹን እየቆራረጠ ማልቶስና ግሉኮስ የሚባሉ ስኳሮች ያደርገዋል፣ ሽሉ ይህን ትመጥና መልሳ ሱክሮስ አድርጋ ወደ ቡቃያውና ወደ ሥሩ ትልካለች። ብቅል ያኘከ ሰው ይህን በምላሱ ያውቀዋል። ጥሬ ገብስ አይጣፍጥም፣ ብቅሉ ግን ይጣፍጣል።

እስከዚህ ድረስ ገብስም፣ ስንዴም፣ ሩዝም አንድ ናቸው። ልዩነቱ አየር ሲጠፋ ነው።

ገብስና ስንዴ ኦክስጅን ከሌለ ያንን አሚሌዝ ማምረት አይችሉም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሽሉ በረሃብ ታልቃለች። እናቶቻችን ብቅል ሲሠሩ ገብሱን ነክረው፣ ውሃውን አጠንፍፈው፣ በቅጠል ሸፍነው የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ትተውት ቢከርሙ የሚያገኙት ብቅል ሳይሆን የበሰበሰ ገብስ ነው። ሩዝ ግን ያለ ኦክስጅንም አሚሌዝ ያመርታል። ይህን ጣሊያን ውስጥ ፒሳ ከተማ ላይ ተመራማሪዎቹ እነ አሜዴኦ አልፒና ፒየርዶሜኒኮ ፔራታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስንዴና ሩዝን ጎን ለጎን አድርገው አሳይተውታል። ሩዝ ብዙ የአሚሌዝ ጂኖች አሉት። ከእነሱ አንዱ፣ ራሚ3ዲ የሚባለው፣ ሆርሞን አይጠብቅም፤ የሚነቃው ስኳር ሲያልቅ ነው። ረሃቡ ራሱ ቁልፍ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል አየር ባለበት ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ወደ 30 ገደማ ኤቲፒ ይሰጣል። ኤቲፒ የሕዋስ ጥሬ ገንዘብ ነው። አየር በሌለበት ያው ግሉኮስ 2 ብቻ ይሰጣል። ቀሪው አልኮልና ጋዝ ሆኖ ይወጣል። መቶ ግራም ግሉኮስ በዚህ መንገድ ከሄደ 51 ግራሙ አልኮል፣ 49 ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የበርሜሌ አረፋና የጠላው ሽታ ይኸው ነበር፤ የዘሬ ስንቅ ነው ተንኖ የጨረሰው (ሽታው ውስጥ የባክቴሪያም እጅ አለበት፣ ለዘሩ ብቻ አልጫንበትም)።

ሁለት ኤቲፒ ይዞ ሁሉን መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ሩዙ ይመርጣል። ሥርና ቅጠል ብዙ አዲስ ሕዋስ ይፈልጋሉ፣ ውድ ናቸው፣ ይቆዩ ይላል። ቅጠሉን የሚሸፍነው ነጭ ሹል ግን፣ ኮሊዮፕታይል ይሉታል፣ በአብዛኛው የሚረዝመው ያሉትን ሕዋሳት በመለጠጥ ነው፣ ርካሽ ነው። እሱን ወደ ላይ ይሰደዋል። ጫፉ ከውሃው በላይ ብቅ ካለ እንደ መቃ ሆኖ አየር ወደ ታች ያወርዳል፣ ያኔ ሥሩም ቅጠሉም ይነሳሉ። ካልደረሰ ስንቁ እያለቀ ይሄዳል። እኔ ከበርሜል ያወጣሁት ነጭ መርፌ ይኸው ሹል ነው፣ አየር እየፈለገ የነበረ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ስለሆነ። የጎነቆለ ዘር ፈጭታችሁ ስኳሩን ብትለኩ የምታገኙት ኪስ ውስጥ ያለውን ነው፣ ደሞዙን አይደለም። አየር ያገኘ ዘር ከሁለተኛው ቀን በኋላ አሚሌዙ ይበረታል፣ ስኳሩም በግልጽ ይከማቻል። አየር ያጣው ቀስ ብሎ ያወጣል፣ ያወጣውንም ወዲያው ይበላል። ታዲያ ዝቅተኛ ስኳር ማለት «ጎተራው አልተከፈተም» ሊሆን ይችላል፣ «ተከፍቷል ግን ወጪው በዝቷል» ም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው መለኪያው አይደለም፣ ሹሉ ነው። ስታርቹ ሳይነካ ሹሉ ከቆመ የመጀመሪያው ነው። ፍሬው ሲጫን ወተት መስሎ ከፈሰሰና ሹሉ ከረዘመ ሁለተኛው ነው።

በደረቁ መዝራት

ፎገራ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። ሰኔ ላይ መሬቱ ይታረሳል፣ ዘሩ ይበተናል ወይም በመስመር ይገባል፣ ዝናቡ ይጠበቃል። ከስኳር አንጻር ካየነው ጥሩ ነው። እርጥብ ግን ያልተዘፈቀ አፈር ውስጥ አየር አለ፣ ዘሩ ስንቁን በሙሉ ዋጋ ይመነዝራል፣ ሥሩ ቶሎ ይወርዳል። ዘር ነክሮ መጠበቅ የለም፣ ጭቃ ማቡካት የለም፣ ጉልበቱ ትንሽ ነው።

ችግሩ ዝናቡ የእናንተን ቀጠሮ አያውቅም። ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ወይም ወንዙ ሳይሞላም አንድ ሌሊት የወረደ ዶፍ ጥቁሩን መረሬ አፈር ሲዘጋው፣ ዘሩ ገና ሳይወጣ ይሰጥማል። እዚህ ላይ የሚያሳዝነው ጊዜው ነው። ደረቅ የሆነ ዘር ቢሰጥም ብዙ ወጪ የለበትም። ሥር አውጥቶ ቅጠሉን ከውሃ በላይ ያደረሰ ደግሞ ራሱን ይችላል። በመሃል ያለው፣ አፈር ውስጥ ጎንቁሎ፣ አሚሌዙ እየሠራ፣ ወጪው ከፍ ብሎ፣ ግን ገና ያልወጣው ነው ድንገት ከ30 ኤቲፒ ወደ 2 የሚወርደው። አፈሩ ከላይ ሲጋገር ደግሞ ሹሉ ርካሹን ጉዞም መሄድ ያቅተዋል።

ስለዚህ ማሳችሁ ውሃ የማይተኛበት ከሆነ፣ ወይም ተዳፋት ካለው፣ በደረቁ ዝሩ፣ ሌላ አታስቡ። ጥልቀቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ጠልቆ የተቀበረ ዘር ስኳሩን አፈር ለማለፍ ነው የሚጨርሰው። ዝቅ ያለ፣ ውሃ የሚያዘወትረው ቦታ ከሆነ ግን ወይ ቀደም ብላችሁ ዝሩና ጎርፉ ሳይመጣ ቅጠል ያውጣ፣ ወይ የሚቀጥለውን አንብቡ።

ነክሮ ማጎንቆል፣ ከዚያ ጭቃ ላይ መበተን

እኔ የምወደው ይህንን ነው። ያበላሸሁትም ይህንኑ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ልዘርዝረው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ዘሩ ስንቁን የሚከፍትበትን አስቸጋሪ ሰዓት እጃችሁ ላይ፣ አየር ባለበት ያሳልፋል። ማሳ ሲገባ አሚሌዙ ተነስቷል፣ ሥሩ ጫፍ አውጥቷል፣ ቀድሞ ይጀምራል። አረምም ሲመጣ ይቀድመዋል።

መጀመሪያ ምርጫ። ዘሩን ጨው ውሃ ውስጥ አስገቡና የሚንሳፈፈውን ጣሉ። የጨዉን ልክ በጥሬ እንቁላል ታውቁታላችሁ፣ እንቁላሉ ተንሳፍፎ ከላይ ትንሽ ሲታይ በቃ ነው። የሰመጠው ዘር ከባድ ነው፣ ከባድ ማለት ስንቁ ሙሉ ነው። አየር ያጣ ዘር በረሃብ ነው የሚሞተው ካልን ስንቀ ሙሉውን መምረጥ ከሁሉ የረከሰ መድን ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስቴ እጠቡት፣ ጨው ላይ እንዳትተዉት።

ቀጥሎ መንከር። የተለመደው 24 ሰዓት ነው። ዘሩ በቂ ውሃ ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል፣ ከዚያ በላይ ግን ውሃ ውስጥ መቆየቱ ጥቅም የለውም፣ አየር ነው የሚያጣው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ዘሩም ይዘገያል። ጃፓኖች የውሃውን ሙቀት በቀናት አባዝተው 100 ሲሞላ ያወጣሉ፣ ማለትም ውሃው 10 ዲግሪ ከሆነ 10 ቀን፣ ግን በየጊዜው ውሃውን እየቀየሩ ነው። እኔ ያልሠራሁት ይህንኑ ነው። ውሃ ቀይሩ። በቀን አንዴ፣ ሞቃት ቦታ ከሆነ ሁለቴ። አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ይመጣል፣ አሮጌው አልኮሉን ይዞ ይሄዳል። ሲቻል ዘሩን በላላ ጆንያ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት እንጂ በርሜል ሥር አትከምሩት፤ የእኔው ዘር ግማሹ የሞተው በውሃ ብቻ ሳይሆን በላዩ በተኛው ወንድሙም ነው።

ከዚያ ማጠንፈፍና ማሞቅ፣ ሌላ 24 ሰዓት። ውሃው ተንጠፍጥፎ ጆንያው እርጥብ እንደሆነ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። አሁን ዘሩ አየር አግኝቷል፣ ስኳሩን በሙሉ ኃይል ያቃጥላል፣ ስለዚህ ይሞቃል። እጃችሁን ወደ መሃሉ ስትሰዱ ለብ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ገልብጡት፣ በተኑት፣ ውሃ እርጩት። ከ40 ዲግሪ ካለፈ ሽሎቹ መሞት ይጀምራሉ፣ እኛ ደግሞ ዘር እንጂ ቅቅል አይደለም የምንፈልገው።

መቼ ይበቃዋል? ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ሲታይ፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከረዘመ ሲበተን ይሰበራል፣ እርስ በርሱም ይጠላለፋል። አንድ ምልክት ልንገራችሁ፣ ለእኔ ከምንም በላይ የጠቀመኝ ነው። አንድ እፍኝ አውጥታችሁ እዩ። ሥርም ሹልም አብረው ከመጡ አየሩ በቂ ነው። ሹል ብቻ ረዝሞ ሥር ከሌለ ዘሩ እየታፈነ ነው፣ ቶሎ አውጡት።

ጭቃው ላይ ስትበትኑ ውሃውን አጠንፍፉ። ለዚህ አዘራር በሄክታር ከ80 እስከ 100 ኪሎ የተለመደ ነው። አንድ ገበሬ ጎረቤቴ «ይሄን ሁሉ ደክመህ አጎንቁለህ መልሰህ ውሃ ውስጥ ልትጥለው?» ብሎ ስቆብኛል፣ ልክ ነው። ጭቃ እርጥብ ይሁን እንጂ አይሙላ። ሥር መሬት እስኪይዝ ጥቂት ቀን ታገሡ፣ ከዚያ ውሃውን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ። ውሃ ማስገባትና ማስወጣት የማትችሉበት ማሳ ላይ ይህ ዘዴ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ውሃ ላይ መበተን

ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ሸለቆ ላይ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተያዘው መንገድ ይህ ነው። ማሳው አስቀድሞ በውሃ ይሞላል፣ የተነከረ ዘር በአውሮፕላን ይበተናል፣ ዘሩ ሥር ይወርዳል። ምክንያታቸው አረም ነው። ብዙ አረም ያለ አየር አይበቅልም፣ ሩዝ ግን ይበቅላል፣ በውሃው ነው የሚያርሙት። ብልኃቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ሩዝ መሳዩ የውሃ ሣር፣ እሱም ያለ ኦክስጅን መብቀል ይችላል። ከሩዝ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማረው።

ስኳሩን ብቻ ካየን ይህ ከሁሉ ውዱ ነው። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን እጅግ ትንሽ ነው። በ20 ዲግሪ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ፣ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው 9 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ፎገራ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፣ ስለዚህ ያው ውሃ 7 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው የሚይዘው። ሲሞቅ ደግሞ ይቀንሳል፣ ዘሩ ግን ሲሞቅ ፍጆታው ይጨምራል። በዚያ ላይ ኦክስጅን ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አየር ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ዘሩ አጠገቡ ያለውን ከጨረሰ ሌላው እስኪደርስለት ይታፈናል። ጭቃ ውስጥ ከገባ ደግሞ የአፈሩ ባክቴሪያዎች ቀድመውት ጨርሰውታል።

ስለዚህ ይህን የምትመርጡ ከሆነ ውሃው ዝቅ ያለ ይሁን፣ ዘሩ ከላይ ይቀመጥ እንጂ አይቀበር፣ ማሳው ደግሞ ጠረጴዛ የመሰለ ይሁን። ካሊፎርኒያ መሬቱን በሌዘር ያስተካክላሉ። እኛ ጋ አንዱ ጥግ ቁርጭምጭሚት፣ አንዱ ጥግ ጉልበት ነው፣ ጉልበቱ ጋ ያለው ዘር ጫፉን ወደ አየር ሳያደርስ ስንቁ ያልቃል።

ጃፓን ላይ ዘሩን በካልሲየም ፐርኦክሳይድ ይለብጡት ነበር፣ ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ኦክስጅን ይለቃል፣ ለዘሩ ትንሽ የግል አየር ማለት ነው። ይሠራል፣ ዋጋው ግን ለእኛ አይደለም። በኋላ በብረት ዱቄት መለበጥም ለምደዋል። አታምታቱት፤ ብረቱ ዘሩን ከባድ ያደርገዋል፣ ወፍም እንዳይበላው ይረዳል፣ ኦክስጅን ግን አይሰጥም።

የእኔ አስተያየት? መሬት የተስተካከለበትና ውሃ በቁጥጥር ሥር ያለበት ሰፊ እርሻ ካልሆነ አልመክርም።

ችግኝ አፍልቶ ማዛወር

ብዙ የሚባል የለውም። መደብ ላይ አየር ባለበት ይበቅላል፣ ስንቁን በሙሉ ዋጋ ይጠቀማል፣ ማሳ ሲገባ የራሱን ስኳር በቅጠሉ እየሠራ ነው፣ ጎርፉ ከመጣም ቁመት ይዞ ይጠብቀዋል። ዘሩም ያንሳል። የሚከፈለው በጉልበት ነው። ወገብ ያለው ሰው ካለ ይህን የሚስተካከል የለም፣ ትንሽ ማሳ ላይ።

«ጎርፍ ይችላል» የሚባል ዝርያ ሲቀርብላችሁ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። «ጎርፍ ይችላል» የሚለው ቃል ሁለት ፍጹም ተቃራኒ ጠባዮችን ነው የሚሸፍነው፣ በስኳርም ተቃራኒ ናቸው።

አንደኛው ሰብ1ኤ የሚባል ጂን ነው። ከሕንዱ ኤፍአር13ኤ ዝርያ የመጣ ሲሆን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው በስሙ የታወቀው። የሚሠራው ያደገ ሩዝ ላይ ነው። ውሃ ሲያጥለቀልቀው «አትሩጥ፣ ስኳርህን ቆጥብ» ይለዋል። ሩዙ ዕድገቱን አቁሞ እስከ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል፣ ውሃው ሲሄድ ባስቀመጠው ስኳር ይነሳል። ስዋርና ሰብ1 የሚባለው የሕንድ ዝርያ በዚህ ነው ስም ያወጣው።

ሁለተኛው የሚሠራው ዘሩ ላይ ነው። ካው ህላን ኦን ከሚባል የምያንማር ዝርያ ተገኝቶ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ሆነ። ጂኑ ቲፒፒ7 ይባላል። አሠራሩ ይገርማል። ሕዋስ ውስጥ ትሬሃሎስ 6 ፎስፌት የምትባል ትንሽ የስኳር ዓይነት አለች፣ ሥራዋ «ጠግበናል» እያለች ማውራት ነው። ቲፒፒ7 እሷን ወደ ሌላ ይቀይራታል። ወሬዋ ሲጠፋ ዘሩ ገና እንደራበው ይቆጥራል፣ አሚሌዙን አያቆምም፣ ስታርቹን መመንዘሩን ይቀጥላል፣ ሹሉም ከ10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሥር ይወጣል። ይህኛው «ቆጥብ» አይልም፣ «አውጣ፣ ድረስ» ነው የሚለው።

ገባችሁ? ሰብ1ኤ ያለው ዝርያ ገዝታችሁ ውሃ ላይ ብትበትኑት ዘሩን አይጠብቅላችሁም። የሚሸጣችሁን ሰው «ሲጎነቁል ነው ወይስ ካደገ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከተንተባተበ ዘሩን ራሳችሁ ፈትኑት።

የሦስት ብርጭቆ ፈተና

ዝርያው ኤክስ ጅግና ይሁን ኔሪካ፣ ያላችሁን ዘር በዚህ እዩት። ከተመረጠው ዘር ሃያ ሃያ ፍሬ ቁጠሩ።

አንደኛው ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጉት። ሁለተኛው ውስጥ አንድ ጣት ያህል ውሃ ጨምሩና በየቀኑ ቀይሩት። ሦስተኛው ረጅም ብርጭቆ ይሁን። ውሃ አፍሉና (ሲፈላ ያለው ኦክስጅን ይወጣል) ከድናችሁ አቀዝቅዙት፣ ዘሩ ላይ እስከ አፉ ሙሉት፣ ከላይ አንድ ማንኪያ ዘይት አድርጉበት፣ አየር እንዳይመለስ። ሦስቱንም ሞቅ ያለ ቦታ አንድ ላይ አስቀምጡ።

በአራተኛው በአምስተኛው ቀን አየር ያለው ሥር፣ ሹል፣ ከዚያም ቅጠል ይጀምራል። በዘይት የታሸገው ሹል ብቻ ያወጣል፣ ነጭ፣ ሥር አልባ። የምታወዳድሩት የሦስተኛውን ብርጭቆ ነው፣ ከሁለት ዝርያ። ሹሉ በማስመሪያ ሲለካ የረዘመው ጎተራውን ያለ አየር መክፈት የቻለው ነው። ጎን ለጎን አንድ የገብስ ብርጭቆ ጨምሩ፣ እሱ ንክች አይልም፣ ልጆች ካሉ ደስ ይላቸዋል። አዮዲን ካላችሁ ደግሞ አንድ ፍሬ በምላጭ ቁረጡና ጠብ አድርጉበት፣ ስታርች ያለበት ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ የተበላበት ይገረጣል። አየር ባገኘው ፍሬ መገርጣቱ ከሽሉ በኩል ጀምሮ ወደ ውስጥ ሲሄድ በዓይን ይታያል።

ለመብላት ከሆነ

ገለባው ብቻ የተነሳለት፣ ያልተፈተገ ቡኒ ሩዝ አጎንቁላችሁ መቀቀል ከፈለጋችሁ ሒሳቡ ይገለበጣል። ሥር አትፈልጉም፣ ስኳርና ልስላሴ ነው የምትፈልጉት። በለብ ያለ ውሃ ከ20 ሰዓት ገደማ በኋላ ሽሉ እብጥ ሲል አውጡት፣ ጋባ የሚባለውም ንጥረ ነገር ይጨምርለታል፣ እሱ እንዲያውም አየር ሲያንስ ነው የሚበዛው። ውሃውን ግን ሁለት ሦስቴ ቀይሩት፣ አለዚያ ማዕዳችሁ በርሜሌን በርሜሌን ይላል።

ዘንድሮ እኔ በርሜሉን ለዝናብ ውሃ አውዬዋለሁ። ዘሩ በሁለት ትንንሽ ጆንያ ተከፍሎ በጠፍር ተንጠልጥሏል፣ ባልዲው ላይ ደግሞ ውሃ የተቀየረበትን ሰዓት በከሰል እጽፋለሁ። ማሳዬ ከላይ ተዳፋት፣ ከታች ረባዳ ስለሆነ ላይኛውን በደረቁ ዘርቼዋለሁ፣ ለታችኛው ነው እያጎነቆልኩ ያለሁት። ዛሬ ጠዋት አንድ እፍኝ አወጣሁ። ሥር አለው፣ ሹሉም ከጎኑ። ነገ ጭቃው ላይ እበትነዋለሁ።